የእናቴ ጣሳዎች በአራተኛ ፎቅ ላይ

በኅዳር ወር 2013 ዓ.ም. ከነባሩ ሰፈራችን ለቀን ወደ ኮንዶሚኒየም ስንገባ፣ በጭነት መኪናው ላይ መጀመሪያ የተጫነው አልጋው ወይም ቁም ሣጥኑ አልነበረም። እናቴ አስቀድማ ያስጫነችው በጣሳ የተከለቻቸውን አሥራ አራት አትክልቶቿን ነበር። ሾፌሩ ጥቂት ታግሦ፣ «እማማ፣ ይህን ሁሉ አፈር ተሸክመን የት ልንሄድ ነው? አፈር እኮ እዚያም አይጠፋም» ቢላት፣ «አፈርስ አይጠፋም፤ ይኼኛው ግን እኔን ያውቀኛል» ብላ መለሰችለት። ሰውዬው ሳቀ፤ ጫነም።

አዲሱ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ርዝመቱ ሦስት ሜትር፣ ወርዱ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የውሃ ጀሪካኖች፣ የከሰል ምድጃና አንድ አሮጌ ብስክሌት የሚሻሙበት ስፍራ ነው። ውድ አንባቢያን፣ በረንዳን በአትክልት ስለ ማስጌጥ ሲነሣ በመጽሔት ላይ የሚታየው ሥዕል አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ የቪላ ደጃፍ ነው። ወንበሩ የተሸመነ፣ የአበባ ማስቀመጫው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሠራተኛው የውሃ ጎማ ይዞ ከጀርባ የቆመ። የብዙዎቻችን በረንዳ ግን ከላይ እንደ ገለጽሁት ያለ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን የምናወሳው ስለዚሁ ስለ ጠባቡ በረንዳ ይሆናል።

እንደሚታወቀው አዲስ አበባ ስሟን ከአበባ ያገኘች ከተማ ናት። ስሙን ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ሲሆኑ ዘመኑም 1879 ዓ.ም. ነበር። በከተማይቱ የመጀመሪያ ዓመታት በሕንድና በአርመን ባለሙያዎች እጅ የተሠሩት ቤቶች በእንጨት ሥራ የተዋበ በረንዳ ነበራቸው። በረንዳ እንግዳ የሚጠበቅበት፣ እህል የሚለቀምበት፣ ጸጉር የሚሠራበት ስፍራ ነው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ወደ መንግሥት ከዞረ በኋላ በብዙዎቹ ትላልቅ ቤቶች ውስጥ ከአንድ በላይ ቤተሰብ ገባ፤ በረንዳውም በቆርቆሮ ወይም በጣውላ እየተጋረደ ወጥ ቤት ወይም የልጆች መኝታ ሆነ። እኔ ያደግሁበትም ቤት እንዲሁ ነበር። የበረንዳው ግማሽ ወጥ ቤታችን፣ የቀረው ግማሽ ደግሞ የእናቴ ጣሳዎች መደርደሪያ ነበር።

በጣሳዎቹ ውስጥ የነበሩትን ልዘርዝር። ቀይና ሮዝ ጄራኒየም፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ጠጅ ሳር፣ ሁለት ጣሳ እሬት፣ የጥብስ ቅጠል፣ አሪቲ፣ ናና፣ ቤጎኒያና ከጎረቤት የተገኘ አንድ ፈርን። ከእነዚህ ውስጥ በገንዘብ የተገዛ አንድም አልነበረም። ሁሉም በቅርንጫፍና በሥር ከሰው ለሰው የተሰጡ ናቸው። እናቴ እያንዳንዱን በሰጪው ስም ነበር የምትጠራቸው፤ ከሰጪዎቹም ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ። ይህንን ሾፌሩ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

በአዲሱ ቤት የመጀመሪያው ዓመት የጥፋት ዓመት ሆነ። ከገባን ሁለት ወር ሳይሞላ የፈርኑ ቅጠል እንደ ተጠበሰ ወረቀት ቡናማ ሆኖ ረገፈ፤ ቤጎኒያውም ተከተለው። እናቴ አንድ ሰው ዐይኑን የጣለባቸው ይመስላት ነበር። እኔ ደግሞ የውሃ ማነስ ነው ብዬ ጧትና ማታ አጠጣሁ። ሁለታችንም ተሳስተናል። ምክንያቱ ፀሐይ ነበረች።

የቀድሞው በረንዳችን ፊቱ ወደ ምሥራቅ ነበር። የሚያገኘው የጧቱን ለስላሳ ፀሐይ ብቻ ነበርና ጥላ ወዳዶቹ ተስማምቷቸው ኖረዋል። የኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ግን ፊቱ ወደ ደቡብ ነው። እዚህ ላይ ከውጭ አገር የአትክልት መጻሕፍት የምንቀዳው ምክር ያሳስተናል። በአውሮፓ ደቡብ ሁልጊዜ የፀሐይ ወገን፣ ሰሜን ሁልጊዜ የጥላ ወገን ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ብቻ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም፣ በእኩለ ቀን ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ደግሞ ወደ ደቡብ። ስለዚህ ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነ በረንዳ ደመና በሌለበት በበጋው ወራት ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል፤ በክረምት ደግሞ ጥላና እርጥብ ይሆናል። ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነው የፀሐይ ተራው የሚደርሰው በክረምት ስለሆነና ያንጊዜም ሰማዩ ስለሚደምን፣ ዓመቱን ሙሉ ጥላ ነው ማለት ይቻላል። ወደ ምዕራብ የዞረው የከሰዓት በኋላውን ብርቱ ሙቀት ይቀበላል።

እንግዲህ አንዲት እህት ችግኝ ከመግዛቷ ወይም ከመቀበሏ አስቀድሞ በረንዳዋ ወዴት እንደ ዞረ ማወቅ ይኖርባታል። ፀሐይ ለሚበዛበት በረንዳ ጄራኒየም፣ እሬት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝና ጠጅ ሳር ይስማማሉ። ለጥላው ወገን ፈርን፣ ቤጎኒያና ቅጠላቸው ሰፋፊ የሆኑ የቤት ውስጥ አትክልቶች ይሻላሉ። ናናና በሶብላ መካከለኛውን ይወዳሉ፤ የጧት ፀሐይ ካገኙ ይበቃቸዋል። መሬት ላይ ላሉ ቤቶች ቡገንቪላ በትልቅ ማስቀመጫ ተተክሎ በበረንዳው ምሰሶ ላይ ቢወጣ ውበቱ ልዩ ነው። ቀለሙ ደማቅ የሆነው ክፍል አበባው ሳይሆን አበባውን የከበበው ቅጠል መሆኑን ብዙዎቻችን ልብ አላልነውም፤ እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለው ትንሹ ነጭ ነገር ነው። ውሃ ሲበዛበት ቅጠል እንጂ ቀለም አያወጣም። እሾህም አለውና በጠባብ በረንዳ ላይ ልጆች ላሉት ቤት አልመክረውም።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ስሕተት ሠራን። በበጋው የለመድነውን ያህል ውሃ በጥላው ወራትም ማፍሰሳችንን ቀጠልን። የጥብስ ቅጠሉ ሥሩ በስብሶ ሞተ፤ ከጄራኒየሞቹም ሦስቱ ከግንዳቸው ጠቁረው ወደቁ። ጄራኒየም የምንለው ይህ አበባ በአብዛኛው ከደቡባዊ አፍሪካ የተገኘ ሲሆን ድርቅን ይችላል፤ የማይችለው ረግረግ ነው። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የጸና ሕግ አለ። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ማስገባት ነው። እርጥበት ከተሰማ አይጠጣም፤ ደረቅ ከሆነ ቀዳዳው ከታች ውሃ እስኪያወጣ ድረስ ይጠጣል። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ላዩን ያርሳል እንጂ ሥሩ ድረስ አይወርድም።

ስለ ጣሳ እናውራ። የዘይትና የወተት ዱቄት ጣሳ፣ አንገቱ የተሰበረ ጀበና፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካን፣ አሮጌ ድስት፣ ሁሉም ያገለግላሉ። ዋናው ቁም ነገር ከሥር በሚስማር አራት አምስት ቦታ መበሳቱ ነው። ብዙ ሰው ውሃ እንዲወርድ ብሎ ከታች ጠጠር በብዛት ይሞላል። ይህ ልማድ ሥሩ የሚዘረጋበትን ቦታ ከማጥበብ በቀር የሚፈይደው የለም፤ አፈሩ በቀዳዳው እንዳይፈስ አንድ ሁለት የሸክላ ስባሪ ብቻ ይበቃል። ቆርቆሮ በፀሐይ ስለሚግል ውጪውን ነጭ ቀለም መቀባት ለሥሩ እፎይታ ነው፤ ለዓይንም ያምራል። በሁለት በሦስት ዓመት ሲዝግ መለወጥ የግድ ነው። የቀለም ወይም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ዕቃ ግን ለሚበላና ለሚጠጣ ቅጠል ፈጽሞ መጠቀም አይገባም።

አፈሩን በተመለከተ ንጹሕ ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ይጨማለቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ ሸካራ አሸዋ ቢደባለቅ መልካም ነው። ያልበሰበሰ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የቡና አተላ አፈር ላይ መድፋት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ደርቆ በትንሹ ከአፈር ጋር ቢደባለቅ አይጎዳም፣ እየተቆለለ ሲሄድ ግን ላዩን ጋግሮ ውሃ አያሳልፍም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ስለ አበባ ማውራት ለአንዳንድ እህቶች ቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኛ ቤት ምስርና ጎመን የታጠበበት ውሃ ወደ ባልዲ ይጠራቀማል፤ ለጣሳዎቹ ከዚያ የሚተርፍ እንጂ የሚጨመር እምብዛም የለም። ጨው ወይም የሳሙና ዱቄት የነካው ውሃ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ጠቡ ልመለስ፤ የበረንዳ አትክልት በፎቅ ቤት ውስጥ የሁለት ቤት ጉዳይ መሆኑን የተማርነው በዚያ ነውና።

ጥር 2014 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በር ተንኳኳ። የሦስተኛ ፎቋ ጎረቤታችን፣ ከወለደች ሁለት ወር ያልሞላት ወጣት፣ በእጇ የሕፃን ልብስ ይዛ ቆማለች። ልብሱ ነጭ ነበር፤ ከትከሻው እስከ ታች ግን ቡናማ ውሃ ወርዶበታል። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ውሃ የሚመጣልኝ በሳምንት ሁለት ቀን ነው። አጥቤ ሳሰጣ ከላይ ጭቃ ይወርድብኛል። ሕፃን ይዤ ስንቴ ልጠብ?» አለች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል። እናቴ «ይቅር በይኝ ልጄ፣ አላወቅሁም» ከማለት በቀር ቃል አላወጣችም።

ከዚያ ቀን በኋላ እናቴ ለአንድ ሳምንት አንድም ጣሳ አላጠጣችም። ሁሉንም ለሰው ልስጥ ማለት ጀመረች። ነገሩ የአበባ ብቻ አልነበረም። በነባሩ ሰፈር ውስጥ በዕድር፣ በማኅበር፣ በቡና የሚያውቋት ብዙ ነበሩ። እዚህ ግን ከበሩ ስትወጣ ሰላም የምትለው ሰው አልነበራትም፤ ከጧት እስከ ማታ የምትሠራው ሥራ በረንዳው ላይ ያለው ብቻ ነበር። እኔ ከሥራ ስመለስ የምትነግረኝ ወሬ ሁሉ «ጠጅ ሳሩ አንድ ሥር ጨመረ» የሚል ዓይነት ነበር። በዚያች ሳምንት ግን ስመጣ አልጋ ላይ ተጋድማ አገኛት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ጎረቤታችን አንድም ያጠፋችው ነገር አልነበረም። እኔም ከታች ብሆን ኖሮ እወጣ ነበር፤ ምናልባት እንደ እርሷ በጨዋ ደንብ አልናገርም።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። በየጣሳው ሥር የሚሆን ሰፊ ክዳንና ያረጀ ዝርግ ሳህን አደረግን። ቀድሞ ከአጥሩ ብረት ውጪ ተንጠልጥለው የነበሩትን ጣሳዎች ሁሉ ወደ ውስጥ አስገባን። የምናጠጣበትንም ሰዓት ወደ ማታ፣ ልብስ ከገመድ ከተነሣ በኋላ አዛወርን። ይህንኑ ለመንገር እናቴ ወደ ታች ለመውረድ ተነሣች። ባዶ እጇን እንደማትሄድ የታወቀ ነው፤ ልትይዝ ያሰበችውም ጤና አዳም ነበር። «ለሕፃኑ ሆድ ቁርጠት ይሆናታል» አለች። እዚህ ላይ ተከራከርኋት። የጤና ባለሙያዎች ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም እንዳይሰጠው ይመክራሉ። ጤና አዳምም ማኅፀንን የማነሣሣት ጠባይ ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት ልትጠነቀቀው የሚገባ ቅጠል ነው። በቡና ስኒ ላይ ለሽታ ጣል ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ እያፈሉ መጠጣት ሌላ። እናቴ ክርክሩ ባይጥማትም ሥር የሰደደ ቀይ ጄራኒየም ይዛ ወረደች። እመለሳለሁ ያለችው በአሥር ደቂቃ ነበር፤ የተመለሰችው ሦስተኛ ስኒ ጠጥታ ነው።

ስለ ሳህኖቹ አንድ ማስጠንቀቂያ ማስቀመጥ ግዴታዬ ነው። በሳህን ላይ የሚቀር ውሃ የወባና የሌላ በሽታ ትንኞች መራቢያ ሊሆን ይችላል። በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉንያ በወረርሽኝ መልክ ተነሥተው ነበር። ሁለቱንም የሚያስተላልፈው ትንኝ የሚራባው በቤት ዙሪያ ባሉ የውሃ ዕቃዎችና በመሳሰሉት ጥቃቅን ኩሬዎች ነው። እንቁላሉ ከዕቃው ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ውሃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሳህኑን ፈትጎ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ወይም ሳህኑን በአሸዋ መሙላት ይቻላል። በቆላ ከተሞች የምትኖሩ እህቶች ይህን በተለይ አደራ።

ክብደትም አይረሳ። በእርጥብ አፈር የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከ30 ኪሎ ግራም አያንስም። እንዲህ ያለውን ዕቃ በአጥሩ ብረት ላይ ማስቀመጥ ወይም ወደ ውጪ ማንጠልጠል፣ የበጋው ነፋስ ሲነሣ ከታች በሚያልፍ ልጅ ላይ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ማሰብ አያስቸግርም። ከባዱ ወለል ላይ፣ ከግድግዳው ጥግ ይቀመጥ፤ ቀላሉ ከብረቱ በውስጥ በኩል በሽቦ ጠብቆ ይታሰር።

መርዛማዎቹንም በአጭሩ ላንሣ። በየአጥሩ የሚታየው ቅጠሉ ጠባብና ረጅም፣ አበባው ሮዝ ወይም ነጭ የሆነው ኦሊያንደር ከሥሩ እስከ አበባው ልብን የሚጎዳ መርዝ አለው። ነጠብጣብ ባለው ሰፊ ቅጠሉ የሚወደደው ዲፈንባኪያ ሲታኘክ አፍንና ጉሮሮን ያሳብጣል። እንደ ጥሩምባ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ትልቁ አበባም የአስተናግር ዘመድ ነው። የሚድሁ ልጆች ባሉበት ቤት ሦስቱም አይግቡ።

ጄራኒየምን ለማባዛት ለምትፈልጉ፣ ያላበበ ጤነኛ ቅርንጫፍ ግማሽ ስንዝር ያህል፣ ከአንጓው ዝቅ ብሎ በስለታም ቢላ ይቆረጣል። የታችኞቹ ቅጠሎች ተነሥተው ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓት ጥላ ላይ ይቆያል፤ ከዚያም አሸዋ በበዛበት እርጥብ አፈር ውስጥ ይተከላል። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሥር ይሰዳል። እናቴ ከሞቱት ሦስቱ ጄራኒየሞች በአንዱ ሰጪዋን፣ ያረፈች የዕድር ጓደኛዋን፣ ታስታውስ ነበርና ነገሩ እጅግ አሳዝኗት ነበር። በኋላ ግን ከዚያው ተክል ቀደም ሲል ለአክስቴ የሰጠችው ቅርንጫፍ እንዳለ ትዝ አላት፤ አክስቴ ቆርጣ መለሰችላት። አሁን በበረንዳው ጥግ፣ ነጭ በተቀባው ጣሳ ውስጥ ያለው እርሱ ነው።

ጣሳዎቹ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ደርሰዋል። ብስክሌቱ ተሸጧል። የሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይም ሰባት ጣሳ ተደርድሯል፤ ከእነዚህም ሁለቱ በሶብላ ናቸው። በበጋ የእኛው እየጠወለገ የእነርሱ ለምን እንደሚለመልም እናቴ እስካሁን አልገባትም። ያ በጭቃ ውሃ ልብሱ የተበላሸበት ሕፃን አሁን በእግሩ ደረጃ ይወጣል። በሰሞኑ በሩን በመዳፉ ሲደበድብ ከፈትሁለት፤ ባዶ የዘይት ጣሳ በሁለት እጁ አቅፎ፣ እኔን አልፎ ወደ በረንዳው እያየ፣ «እማማ፣ ጣሳ!» አለ።